የእግዜሩ ንፋስና የራሴ ንፋስ

ጎንደር ውስጥ «ሸራ» ስትል ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የባጃጅ ሸራ ነው። ቀጥሎ የቅዳሜ ገበያ ሸራ ይመጣል፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ከፀሐይ የሚጠለልበት። ከዚያ ሸራ ጫማ። የጀልባ ሸራ ትዝ የሚለው ሰው ከሺህ አንድ ቢገኝ ነው። ያ አንዱ ሰው ደግሞ ጎረቤቴ ነው።

ሰፈሩ «ባሕረኛው» ይላቸዋል። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል አገልግለዋል። ስለ ራሳቸው መርከብ ብዙም አያወሩም። ስለ ሳምቡክ ከተነሳ ግን ማን ያስቆማቸዋል። ሳምቡክ ቀይ ባሕር ላይ የሚመላለሰው የእንጨት ጀልባ ነው፣ ሸራው ሰያፍ የሆነ። «እኛ በሞተር እየጮህን፣ እነሱ በዝምታ ያልፉን ነበር» ይላሉ። ትንሽ ይጨምሩበት ይሆናል። ይጨምሩ፣ እኔ ምን ቸገረኝ።

አሁን ቢሮ ነው የምሠራው። ከዚያ በፊት ግን ሦስት ዓመት ባጃጅ ነድቻለሁ። ጋሼ ቋሚ ደንበኛዬ ነበሩ። ልጃቸው አዘዞ ነው የምትኖረው፤ እሁድ ጠዋት እወስዳቸዋለሁ፣ ማታ እመልሳቸዋለሁ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ሚኒባስ ላይ መውጣት አይሆንላቸውም።

አንድ እሁድ ማታ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ እየወጣን ነው። የጎን ሸራዎቹን ጠቅልዬ አስሬያቸዋለሁ። ጋሼ ከኋላ ሆነው ጠየቁኝ።

«አንተ ልጅ፣ ንፋሱ ከየት ነው የሚነፍሰው?»

«ከፊት ነዋ ጋሼ። ፊቴን እየመታኝ ነው።»

«እስቲ አቁማት።»

ዳር ይዤ አቆምኩ። አፍታም አልቆየ፣ ፊቴ ላይ የነበረው ንፋስ ጠፋ። ግራ ጆሮዬ ግን ቀዘቀዘ። ከታረሰው ማሳ የሚነሳው አቧራ መንገዱን ከግራ ወደ ቀኝ ያቋርጣል። ንፋሱ ከምዕራብ ነበር፣ ጥርት ያለ የጎን ንፋስ። ከፊት የመጣ ምንም የለም።

«ይኼ የእግዜሩ ነው» አሉኝ። «ቅድም የመታህ ግን ግማሹ የራስህ ነው። ሰው ሲሮጥ ንፋስ ይሠራል። ጀልባም እንደዚያው። ባሕረኛ የሚኖረው በሁለቱ ድምር ነው።»

ያን ቀን አዎ አዎ ብዬ አለፍኩት። ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ነው ነገሩ የመጣብኝ።

ነገሩን ለማየት ባሕር መሄድ አያስፈልግም። የጎንደር ክረምት ይበቃል። ዝናቡ ቀጥ ብሎ ሲወርድ ቆመህ ጃንጥላውን ከአናትህ በላይ ቀጥ አድርገህ ትይዛለህ። መራመድ ስትጀምር ጉልበትህ ይረጥባል። ሳታስበው ጃንጥላውን ወደ ፊት ታዘነብላለህ። ስትሮጥ ደግሞ ይበልጥ ታዘነብላለህ። ዝናቡ አልተለወጠም፣ የተለወጥከው አንተ ነህ። ግን ዝናቡ ከፊት እየመጣ እንደሆነ እጅህ ያውቃል። እጅህ ትምህርት ቤት ሳይሄድ ቬክተር፣ ፍጥነትን ከነአቅጣጫው፣ ይደምራል ማለት ነው።

እኔ ግን በቁጥር ካላየሁት አላምንም። የታናሽ እህቴን ባለ ካሬ ደብተር አወጣሁ። የእግዜሩ ንፋስ ከግራ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ይንፈስ። ሃያ ካሬ ወደ ጎን አሰመርኩ። ባጃጇም 20 ትሂድ። ስለዚህ 20 የሚሆን የራሷን ንፋስ ከፊት ትሠራለች፤ ሃያ ካሬ ወደ ታች። ሁለቱን ጫፎች ሳገናኛቸው መስመሩ ጋደል አለ። ለካሁት፣ 28 ካሬ ሆነ። ሾፌሩ የሚሰማው ንፋስ በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ነው፣ የሚመጣውም ከአፍንጫው በ45 ዲግሪ ነው። ከጎንም አይደለም፣ ከፊትም አይደለም።

አሁን ባጃጇ ትፍጠን። 40 ትሂድ። የእግዜሩ ያው 20 ነው። የሚሰማው ንፋስ 45 ገደማ ይሆናል፣ ማዕዘኑ ግን ወደ 27 ዲግሪ ይጠብባል። ፍጥነቷን ወደ 10 ብታወርደው ደግሞ ንፋሱ 22 ይሆንና ወደ 63 ዲግሪ፣ ወደ ጎን ይመለሳል። ሰማዩ ላይ ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ነዳጅ መስጫውን ብቻ ነው የነካሁት።

ዋናው ነገር እዚህ ደብተር ላይ ነው። ስትፈጥን የሚሰማህ ንፋስ ወደ አፍንጫህ ይጠጋል። ሁልጊዜ። ስትቀንስ ወደ ጎን፣ ወደ ኋላ ይሸሻል። የጀልባ ሸራ ደግሞ የእግዜሩን ንፋስ አያውቀውም። የሚያውቀው የሚነካውን ብቻ ነው። ስለዚህ ባሕረኛው ሸራውን የሚያስተካክለው ዳር ላይ የተሰቀለ ባንዲራ እንደሚያሳየው ሳይሆን ጀልባዋ ላይ የታሰረች ክር እንደምታሳየው ነው። ክሯ የድምሩ ክር ናት።

እዚህ ላይ ብቆም ጥሩ ነበር። አልቆምኩም።

የአክስቴ ልጅ ጎርጎራ ይኖራል። ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጣና ዳር። በመጋቢት አንድ እሁድ ሄድኩበት። ይዤ የሄድኩት ስጦታ ከባጃጄ ጣሪያ የወለቀ አሮጌ ሸራ ነበር። ከዚያ ሁለት የባሕር ዛፍ እንጨትና አንድ ጥቅል ሲባጎ ገዛን። ቀጥሎ ባለ ታንኳ ፍለጋ ሄድን።

ታንኳን ለማያውቅ፦ ደንገል ደርቆ፣ በነዶ በነዶ ታስሮ፣ ጫፉ ቀና ብሎ የሚሠራ ነው። ጀልባ ከምትለው ተንሳፋፊ ፍራሽ ብትለው ይቀላል። ውኃ ይጠጣል፤ ስለዚህ ሲውል ከሐይቁ ወጥቶ ፀሐይ መሞቅ አለበት። በረጅም መቅዘፊያ ይቀዘፋል። የጣና ሰው በዚህ እንጨት ይጭንበታል፣ እህል ይጭንበታል፣ ዓሣ ያጠምድበታል። ሸራ ግን ሰቅሎበት አያውቅም። ለምን እንደማይሰቅል ያን ቀን ገባኝ።

ባለ ታንኳው ሽማግሌ ነበሩ። የያዝነውን አገላብጠው አዩት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ሸራ ነው አባቴ።»

«ለፀሐይ?»

«ለንፋስ።»

ዝም ብለው ቆዩና፣ «ዋና ትችላላችሁ?» አሉን።

የአክስቴ ልጅ ይችላል። እኔ ለመስጠም የማያንስ ያህል እችላለሁ። ሽማግሌው መቅዘፊያቸውን ይዘው አብረውን ተቀመጡ። ያለ እኔ አትሄዱም አሉ። እግዜር ይስጣቸው።

ንፋሱ ከምዕራብ ነበር፣ ዳር ዳሩን ወደ ምሥራቅ የሚወስድ። ሁለቱን እንጨቶች አቁመን ሸራውን ዘረጋነው። መጀመሪያ ተራገበ፣ ሲባጎው እጄን ቆረጠኝ። ከዚያ ሆዱ ተነፋ። ታንኳዋ እንደ ሰነፍ በሬ ትንሽ አንገራገረችና መሄድ ጀመረች። ማንም አይቀዝፍም! የአክስቴ ልጅ እልል ሊል ምንም አልቀረውም።

ትንሽ እንደሄድን ግን አንገቴ ላይ የነበረው ቅዝቃዜ ቀነሰ። ፀሐይዋ ከበደች። የሸራው ሆድ ትንሽ ላላ አለ። የአክስቴ ልጅ ተናደደ።

«አይ ዕድላችን! ንፋሱ ደከመ።»

ሽማግሌው ውኃውን አገጫቸውን ቀና አድርገው አሳዩት። ትንንሾቹ ሞገዶች ከኋላችን እየመጡ ያልፉናል። ዳር ያለው ቄጤማ እንደ ቅድሙ ተጎንብሷል።

«ንፋሱ አልደከመም» አሉ። «አብረነው እየሄድን ነው።»

ደብተር አላዩም፣ ዲግሪ አልለኩም። ግን የባሕረኛውን ትምህርት ግማሽ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገሩን። ንፋስ ከኋላህ ሲሆን የራስህ ንፋስ ከእግዜሩ ላይ ይቀነሳል። የእግዜሩ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ቢሆንና አንተ 4 ብትሄድ ሸራው የሚያገኘው 8 ብቻ ነው። ብትፈጥን ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል። 12 ብትደርስ ኖሮ ዜሮ ይሆናል፣ ሸራው እንደ እርጥብ ነጠላ ይንጠለጠላል። ስለዚህ በዚህ መንገድ ንፋሱን ልትቀድመው አትችልም፤ ልትስተካከለውም አትችልም። የሚገፋህን ራስህ ታጠፋዋለህ።

ጣና ላይ ይኼን በሚገባ የሚያውቅ ሌላ ፍጥረት አለ፣ እምቦጭ። ሥሩ ተንጠልጥሎ፣ ቅጠሉ ቆሞ፣ ንፋስ ወደወሰደው ይሄዳል። ሐሳብ የለው፣ ማዕዘን የለው። እኛም መጨረሻችን እሱ ጋ ሆነ። ያው ንፋስ ዳር ላይ የሰበሰበው ትልቅ አረንጓዴ ምንጣፍ ውስጥ ገብተን ተሰነቀርን። ከአረሙ ጋር አንድ ዓይነት መርከበኞች ነበርን።

አሁን መመለስ አለብን። እኔ ዩቲዩብ አይቻለሁ፣ ሸራውን ጋደል አድርጎ ወደ ንፋሱ በሰያፍ መሄድ ይቻላል አልኩ። የታንኳዋን አፍንጫ አዙረን ሸራውን ጋደል አደረግነው። ንፋሱ ያዘው። ታንኳዋ በእርግጥ ሄደች፣ ግን ወደ ጎን። አፍንጫዋ ወደ ጎርጎራ ያያል፣ አካሏ ወደ እምቦጩ ይንሸራተታል። ክረምት ጭቃ ላይ ፍሬን የያዘች ባጃጅ ያየ ያውቀዋል። ሦስቴ ሞከርን፣ ሦስቴ እዚያው እምቦጭ።

በመጨረሻ ሽማግሌው ሸራውን ጠቅልለው ቂጣቸው ሥር አደረጉት። ሁለት ሰዓት ቀዘፍን። ሲባጎ የቆረጠው እጄ ውኃ ቋጠረ። ዳር ስንደርስ ሒሳብ ከተነጋገርነው በላይ ከፈልናቸው። እሳቸው ሸራውን መልሰው ሲሰጡኝ፣ «ለፀሐይ ጥሩ ነው» አሉኝ።

ጎንደር ተመልሼ ለጋሼ ነገርኳቸው። እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያ ምሳሌውን ከወጥ ቤት አመጡት።

«እርጥብ ሳሙና በሁለት ጣት ጨምቀህ ታውቃለህ?»

«አዎ፣ ይፈናጠራል።»

«ወደ የት? ጣቶችህ ከግራና ከቀኝ ነው የጨመቁት። እሱ ግን ወደ ፊት ነው የሚፈናጠረው።»

ነገሩ እንደዚህ ነው። ሸራው ጀልባዋን ሰያፍ ይገፋታል፣ አብዛኛውን ወደ ጎን፣ ጥቂቱን ወደ ፊት። ከሥሯ ደግሞ ወደ ውኃው የሚወርድ ሰፊ ክንፍ አላት። ያ ክንፍ ወደ ጎን መንሸራተቷን እምቢ ይላል። በሁለቱ መሃል የተጨመቀችው ጀልባ ወደ ፊት ታመልጣለች። የእኔ ታንኳ አንደኛው ጣት ብቻ ነበራት። ሁለተኛው ጎድሎ ነው ሳሙናው እምቦጭ ውስጥ የገባው።

ሥር ክንፍ ያላት ጀልባም ብትሆን ወደ ንፋሱ ቀጥ ብላ አትሄድም። ብዙዎቹ ከእግዜሩ ንፋስ 45 ዲግሪ ገደማ ርቀው፣ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ነው የሚወጡት። ሊማሊሞን በመኪና የወጣ ሰው ይኼን ለመረዳት አይቸግረውም። ተራራው ቀጥ ተብሎ አይወጣም፤ መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ትዞራለህ፣ ከፍ ትላለህ። ንፋስም ተራራ ነው።

አሁን ደብተሯን እንደገና ላውጣ። የእግዜሩ ንፋስ 10 ኖት ይሁን። አንድ ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። ተራ ጀልባ በ45 ዲግሪ ወደ ንፋሱ 6 ኖት ትሂድ። የሚሰማት ንፋስ ወደ 15 ኖት ይወጣል፣ ማዕዘኑም 28 ዲግሪ ይሆናል። ልብ በሉ፣ ከእግዜሩ 45 ርቃ እየሄደች እሷ የምታየው 28 ነው። አሁን ትዙርና ንፋሱን ከኋላዋ አድርጋ ያንኑ 6 ኖት ትሂድ። የሚሰማት 4 ኖት ብቻ ነው። አንድ ሐይቅ፣ አንድ ቀን፣ አንድ ንፋስ፤ አንዴ 15 አንዴ 4። ወደ ንፋሱ ሲሄዱ ጃኬት የለበሱ ሰዎች ሲዞሩ የሚያወልቁት ለዚህ ነው። አደገኛውም ይኼው ነው። ከኋላ እየነፈሰ ቀላል የመሰለህ ንፋስ ስትዞር ጥርሱን ያሳይሃል።

ጋሼ አንድ ሌላ ነገር ጨመሩልኝ፤ ከሁሉም የወደድኩት እሱን ነው። ጀማሪ ባሕረኛ ንፋስ በመጣ ቁጥር «አቅጣጫው ዞረ» ይላል አሉኝ። አልዞረም። ደብተሬ ላይ ሞከርኩት። የእግዜሩ ከጎን 20፣ የጀልባዋ 20፣ የሚሰማት ማዕዘን 45። ድንገት ጠንከር ያለ ንፋስ መጣና የእግዜሩ 30 ሆነ። ጀልባዋ ከባድ ናት፣ ወዲያው አትፈጥንም። ማዕዘኑ ወደ 56 ይከፈታል። ለመሪው «ንፋሱ ወደ ኋላ ሄደ» ይመስለዋል። ቀጥሎ ንፋሱ ወደ 10 ሲወርድ ጀልባዋ ገና 20 እየሄደች ነው። ማዕዘኑ ወደ 27 ይጠብባል፣ ሸራው ይርገበገባል። መሪው ይደነግጥና «ንፋሱ ከፊት መጣ!» ብሎ አፍንጫዋን ያዞራታል። የእግዜሩ ግን ንቅንቅ አላለም። የመጣበት አቅጣጫ ያው ነው፣ የተለወጠው ጉልበቱ ብቻ ነው። ልምድ ያለው ሰው ትንሽ ይታገሳል፣ ጀልባዋ ፍጥነቷን እስክታስተካክል።

በነገራችን ላይ ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ነው። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በ15 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ስለዚህ ያው ፍጥነት ያለው ንፋስ እኛ ጋ ሸራን ሲገፋ ጉልበቱ በዚያው ልክ ያንሳል። ማዕዘኖቹን ግን አይነካቸውም፤ ጂኦሜትሪ ከፍታ አያውቅም። ይኼን ያነሳሁት ለታንኳዋ ሰበብ ስለፈለግኩላት ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ዘገምተኛ ጀልባ ነው። ነገሩ የሚያሳብደው ጀልባዋ ከንፋሱ ስትፈጥን ነው።

እኛ አንድን ሰው ለማድነቅ «ከንፋስ ይፈጥናል» እንላለን። ማጋነን ነው ብዬ ነበር የማስበው። ለአንዳንድ ጀልባዎች ግን የዘወትር ሥራቸው ነው። እንዴት? ንፋሱን ከኋላ ባለማድረግ። ጀልባዋ ንፋሱን ከጎን ካገኘች መፍጠኗ ንፋሱን አያጠፋውም። እንዲያውም ይጨምረዋል፤ የባጃጁን 20፣ 28፣ 45 አስታውሱ። ስትፈጥን ድምሩ ያድጋል። ድምሩ ሲያድግ ሸራው ይበልጥ ይጎትታል። እንደገና ትፈጥናለች። ይኼ ሁሉ መጨረሻ የለውም? አለው፣ መጨረሻው ማዕዘኑ ነው። በፈጠነች ቁጥር ንፋሱ ወደ አፍንጫዋ ይጠጋል፣ ሸራው ወደ ፊት የሚጎትተው እየቀነሰ ወደ ጎንና ወደ ኋላ የሚጎትተው ይጨምራል። አንድ ቦታ ላይ ሚዛኑ ይስተካከላል፣ እዚያ ትቆማለች።

ሒሳቡ ደግሞ ቆንጆ ነው። የሚሰማት ንፋስ ከአፍንጫዋ 30 ዲግሪ እስኪጠጋ ድረስ መጎተት የምትችል ጀልባ ቢበዛ ቢበዛ የእግዜሩን ንፋስ እጥፍ ትሄዳለች። እስከ 10 ዲግሪ ገደማ ድረስ የምትችል ከሆነ አምስት እጥፍ ታልፋለች። ስለዚህ የፈጣን ጀልባ ሠሪዎች የሚጨነቁት ንፋስ ስለ መያዝ አይደለም። የሚጨነቁት ስለ ሰበቃ ነው፣ ውኃውና አየሩ የሚይዟቸውን ነገር ስለ መላጨት።

እውነት ነው ወይ ብሎ ለሚጠራጠር፦ ናሚቢያ ውስጥ ዋልቪስ ቤይ የሚባል የባሕር ወሽመጥ አለ። አውስትራሊያዊው ፖል ላርሰን እ.ኤ.አ. ኅዳር 24 ቀን 2012 «ሴይልሮኬት 2» በምትባል ጀልባ 500 ሜትር ርቀት ላይ በአማካይ 65.45 ኖት ሄደ። በሰዓት 121 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፣ በሸራ ብቻ። ንፋሱ የዚያን ግማሽ እንኳ አልነበረም። ነገሩ በእኛ አህጉር መሆኑን ሳውቅ ደስ አለኝ፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ውኃ ይይዛል። ደረቅ መሬት ይለቃል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2022 ግሌን አሽቢ ደቡብ አውስትራሊያ ውስጥ ጌርድነር በሚባል ደረቅ የጨው ሐይቅ ላይ «ሆሮኑኩ» የተባለች ባለ ጎማ፣ ባለ ሸራ ተሽከርካሪ ነድቶ በሰዓት 222.4 ኪሎ ሜትር ደረሰ። ንፋሱ 22 ኖት ነበር፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከአምስት እጥፍ በላይ! ሞተር የላትም። እኔ ይኼን ሳነብ መጀመሪያ የታየኝ የአፋር የጨው ሜዳ ነው። አንድ ቀን አንድ እብድ እዚያ ሄዶ ይሞክረዋል። እኔ አልሆንም፣ የእኔ ሸራ ለፀሐይ ነው።

ሩቅ ሳልሄድ የአሜሪካስ ካፕ ውድድርን ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. ከ1851 ጀምሮ ያለ የሸራ ጀልባ ውድድር ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተወዳደሩት ጀልባዎች በቀጭን የውኃ ውስጥ ክንፎች ላይ ቆመው ሆዳቸውን ከውኃ አወጡ። ከ40 ኖት በላይ ሄዱ። ቪዲዮውን ስታየው ግራ ይገባሃል። ከንፋሱ ጋር ወደ ታች እየሄዱ ነው፣ ግን ሸራቸው ጥብቅ ብሎ ወደ መሃል ተስቧል። ወደ ንፋሱ እንደሚሄድ ሰው። በድሮ ሥዕል ላይ ንፋስ ከኋላ ሲሆን ሸራው እንደ እርጉዝ ሆድ ይነፋል። እዚህ ምንም የተነፋ ነገር የለም።

ደብተሯ ላይ አስቀመጥኩት። የእግዜሩ 10 ኖት። ጀልባዋ ከቀጥታው የንፋስ መንገድ 40 ዲግሪ ወጣ ብላ በሰያፍ 15 ኖት ትሂድ። የሚሰማት ንፋስ 10 ኖት ገደማ ነው፤ የሚመጣው ደግሞ ከፊት፣ ከአፍንጫዋ በ41 ዲግሪ። ከንፋሱ ጋር እየሄደች ንፋስ ፊቷን ይመታታል! አሁን ከመነሻዋ ላይ አንድ ፊኛ ልቀቁ። ፊኛው ቀጥ ብሎ ከንፋሱ ጋር በ10 ኖት ይንሳፈፋል። ጀልባዋ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እየተጠማዘዘች ትወርዳለች። መንገዷ ይረዝማል። ግን በፊኛው አቅጣጫ ሲሰላ 11.5 ኖት እየሄደች ነው። ከፊኛው ቀድማ ትደርሳለች። ይኼን መስመር ሦስት ጊዜ ሰርዤ ሦስት ጊዜ አስልቼዋለሁ፣ ምክንያቱም መጀመሪያ አላመንኩትም።

ፈጣን ጀልባ ላይ ያለ ሰው የኋላ ንፋስ የሚባል ነገር አያውቅም ማለት ይቻላል። የትም ይሂድ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም፣ ንፋሱ ሁልጊዜ ከፊቱ ነው። እኛ ደህና ሁን ስንል «ንፋስ ከኋላ ይግፋህ» አንልም፣ ደግነቱ። ብንል ኖሮ የዘገምተኛ ጀልባ ምርቃት ይሆን ነበር።

ቁጥሮቹን ሁሉ ይዤ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ ቡና ተፈልቶ ነበር። 222 ኪሎ ሜትር ስላቸው ስኒውን አስቀመጡ።

«በሸራ?»

«በሸራ ጋሼ። ግን ሸራው እንደ አውሮፕላን ክንፍ የጠነከረ ነው።»

«ታዲያ ሸራ አትበለዋ!» አሉ በቁጣ። እንደ ማኩረፍ ብለው ሁለተኛውን ስኒ በዝምታ ጠጡ። በመሃል ግን ደብተሬን ሳብ አድርገው፣ መነጽራቸውን አውጥተው፣ የፊኛውን መስመር በጣታቸው ተከተሉ። ጣታቸው አንድ ቦታ ላይ ቆመ። የሳምቡክ ሰዎችም ቀጥ ብለው ከንፋሱ ጋር መሄድ አይወዱም ነበር አሉኝ፣ ትንሽ ወጣ ይሉ ነበር። ለምን እንደሆነ በዚያን ጊዜ ጠይቄ አላውቅም አሉ።

ባለፈው እሁድ አብረን ወደ አዘዞ ወረድን። አሁን እኔም ተሳፋሪ ነኝ፤ ከኋላ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ሾፌሩ ትንሽ ልጅ ነው፣ ቁልቁለቱን እንደ ጉድ ነው የሚነዳው። የጋሼ ጋቢ ጫፍ ወደ ኋላ ቀጥ ብሎ ይውለበለባል። እኔ የጋቢውን ጥለት እያየሁ ማዕዘን እገምታለሁ፤ በሽታ ሆኖብኛል።

ልጃቸው ቤት አካባቢ ስንደርስ ባጃጇ ቆመች። «እኔ ልክፈል»፣ «አይሆንም እኔ»፣ «በሞቴ» ተባብለን እሳቸው አሸነፉ። ከወረዱ በኋላ ግን አልሄዱም። ከዘራቸውን ተደግፈው ትንሽ ቆሙ። ጋቢው ተረጋጋ፣ ጥለቱ ወደ ታች ወረደ፣ ከዚያ በቀስታ ወደ ቀኝ ተነሳ።

«ከምዕራብ ነው» አሉኝ። «ደካማ ነው ዛሬ።»